ባዶ እጅሽን ነይ

እናቴ ለበዓል የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኦቨን የተጋገረ በቆሎ። ሥጋው የትልቋ አክስቴ ነው፤ ማንም አይነካባትም። ዳቦና ሰላጣው የአባቴ ወንድም የአጎቴ ድርሻ ሲሆን እሱ ሁለቱንም ከሱቅ ገዝቶ ይገላገላል። በቆሎው ግን የእናቴ ነው። እኔ ያኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ ልጅ ነበርኩና እናቴ በቆሎውን ያገኘችው ተወዳድራ አሸንፋ ይመስለኝ ነበር። ከገበታው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ታዲያ የሚወደድ ነገር ለጎበዝ ካልሆነ ለማን ይሰጣል? ለክፍል ጓደኞቼ «በቆሎ እንድትሠራ የሚፈቀድላት እማዬ ብቻ ናት» እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር።

ፈቃጇ ትልቋ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። በሆስፒታል ዋና ነርስ ነበረች፤ ቤተሰቡንም የምትመራው ልክ እንደ ሕሙማን ክፍሏ ነው። በዓል ሲቃረብ ስልክ ትደውላለች። ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ነገር የለም። «በቆሎ አንቺ ነሽ። እንዳይደርቅ። ልጅቷን ሹራብ ደርቢላት» ትልና ጆሮ ላይ ትዘጋለች። አባቴ ከመኝታ ቤት አንገቱን ብቅ አድርጎ «ትእዛዝ ወረደ?» ይላል። እናቴ «ወረደ» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ ደስታዋን ስትደብቅ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ደስታ አልነበረም። እውነቱን የነገረችኝ እኔ ራሴ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። እናቴን ያሳደጋት ሰዓት ጠጋኝ የነበረው አባቷ ነው፤ እናቷን ገና በጨቅላነቷ አጥታለች። አባትና ልጅ ዳቦና እንቁላል እየበሉ ነው የኖሩት። ባገባች በመጀመሪያው በዓል አክስቴ በሰው መሀል «ምን ምን መሥራት ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ መዋሸት አታውቅበትምና «ምንም» አለች። «እንግዲያው በቆሎውን ውሰጂ» አለች አክስቴ፤ «ከቆርቆሮ ገልብጦ፣ አማስሎ ኦቨን ውስጥ መክተት ማንንም አያቅተውም።» «ማንንም» የምትለው ቃል እናቴ ሆድ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ጠብሳ፣ ኬክ ጋግራ ብታሳያቸውም ሹመቷ ንቅንቅ አላለም። ዓመት በመጣ ቁጥር በቆሎ።

እሷ ግን የተሰጣትን ነገር እንዲሁ ለኮፍ ለኮፍ አድርጋ የምትለቅ ሴት አይደለችም። ሥራዋ መነጽር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ስትሞርድ ትውላለች፤ ሌላው ሰው የማያያት ጭረት እሷ ዘንድ አታመልጥም። በቆሎውንም የምትሠራው እንደዚያው ነበር። የቆርቆሮውን በቆሎ ወንፊት ላይ ገልብጣ ውሃው ጠብ ማለቱን ጨርሶ እስኪተው ትጠብቃለች። ግማሹን ትፈጨዋለች፤ ግማሹን እንዳለ ትተወዋለች። እንቁላል፣ ወተት፣ የቀለጠ ቅቤ፣ ትንሽ ዱቄት፣ ጨው፣ ስኳር በጣቷ ጫፍ። ቅቤ የተቀባ ትሪ ላይ ታፈሰውና ኦቨኑ ፊት በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፤ እኔም ከጎኗ። የኦቨኑ መስታወት ላይ ፊታችን ቢጫ ሆኖ ይታየናል። መድረሱን የምታውቀው ትሪውን ነቅነቅ አድርጋ ነው፤ ዳር ዳሩ ቀጥ ብሎ መሀሉ ብቻ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ታወጣዋለች። «የቀረውን ትሪው ያበስለዋል» ትለኛለች። ጠርዙ ላይ የከረረውን ቅርፊት በማንኪያ ፍቃ አፌ ውስጥ ስትጨምርልኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በአንድ ዝናባማ ወር ሳምባውን አሞት ተኛና አልተነሳም። ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው ቤታችን በሰው መሞላቱን፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ የአባቴ ጫማ በሩ ሥር መቅረቱን ነው። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ግን ከመሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ትላለች፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም መጥታ አብራት ትቀመጣለች። እኔ ጠረጴዛው ሥር አሻንጉሊቴን እያስተኛሁ ጆሮዬን አቆማለሁ።

«እንግዲህ እሱ ከሌለ እኔ ምናቸው ነኝ?» አለች እናቴ አንድ ቀን።

«ልጅ አለቻቸው አይደል እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ልጅቷማ የነሱው ናት። እኔን ነው የምልሽ።»

«እና ልትሄጂ ነው?»

«የአጎቴ ልጅ የራሱን መነጽር ቤት ከፍቷል። ነይና አብረን እንሥራ እያለ ይጎተጉተኛል። በዓሉ ይምጣ፤ አይቼ እወስናለሁ።»

የአጎቷ ልጅ የሚኖረው በባቡር የሚኬድበት ሌላ ከተማ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ የተረፈኝ ባቡሩ ብቻ ነበር። ከበዓሉ በኋላ በባቡር ልንዝናና ነው! «ምናቸው ነኝ» ያለችው ግን አልተዋጠልኝም። የበቆሎዋ ናት እንጂ፤ ይኼ ጥያቄ ነው? ብቅ ብዬ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ወሬ ለቃቃሚ እንዳልባል ፈርቼ ተውኩት።

በዓሉ እየቀረበ ሲመጣ እናቴ ስልኩን ትጠብቅ ጀመር። ገላዋን ስትታጠብ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። ቆሻሻ ለመጣል ስትወጣ «ከጮኸ ጥሪኝ» ትለኛለች። የቆርቆሮ በቆሎ ገዝታ መደርደሪያው ላይ ደርድራለች፤ አንዱንም ግን አልከፈተችም። ያን ሁሉ ዓመት ፊቷን ያዞረችበት ትእዛዝ አሁን ብርቅ ሆነባት። ይህን የምለው ዛሬ ሆኜ ነው፤ ያኔ ስልኩን የምትጠብቀው የባቡሩን ሰዓት ሊነግሯት ይመስለኝ ነበር።

የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ጮኸ። እናቴ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች ሮጠች፤ እኔም ተከትያት ክርኗ ላይ ተንጠላጥዬ ጆሮዬን ደገፍኩ። የአክስቴ ድምፅ እንደ ወትሮው አልነበረም። ለስልሷል።

«እንደምን ዋልሽልኝ የኔ እመቤት» አለች። እናቴን እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «ዘንድሮ አንቺ ምንም እንዳትነኪ። ደክሞሻል። በቆሎውን አዲሷ ሙሽራ ትሠራዋለች፤ ነግሬያታለሁ። አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ባዶ እጅሽን ነይ። መጥቶ ቁጭ ማለት ብቻ ነው።»

«እሺ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አስበውልኛል» አለች እናቴ።

አዲሷ ሙሽራ ያልናት አጎቴ በቅርቡ ያገባት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ገና ጫማዋን የት እንደምታወልቅ እንኳ የማታውቅ፣ ሲናገሯት የምትደነግጥ ልጅ። እኔ ስለ እሷ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ልቤ ጮቤ እየረገጠ ነበር። እናቴ ነፃ ወጣች! ሌላው ላቡን ሲያፈስ እሷ እንደ ንግሥት ትቀመጣለች! አልጋው ላይ ወጥቼ ስዘልል ዞር ብዬ ባያት ያንኑ ሸሚዝ አጣጥፋ፣ ፈትታ፣ መልሳ ታጣጥፋለች፤ እንባዋም በአገጯ ይወርዳል። ሰው በደስታ እንደሚያለቅስ ሠርግ ላይ አይቻለሁና አልገረመኝም።

በማግስቱ ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻት።

«አስወጡኝ» አለቻት።

«ኧረ ምን ነካሽ! አሳረፉሽ እኮ ነው!»

«የሚያርፍ እንግዳ ነው» አለች እናቴ። «የቤት ሰው እኮ ይታዘዛል።»

አስወጡኝ? ከየት? ከወጥ ቤት ነዋ፤ እሰይ!

በበዓሉ ቀን እናቴ ጥቁር ካፖርቷን ለበሰች፤ እኔ ቀይ ሹራቤን ደረብኩ። በየዓመቱ ትኩሱን ትሪ በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር አውቶቡስ ውስጥ የምትቀመጠው። ያን ቀን እጇን የምታደርግበት ጠፋት። አንዴ ከኪሷ ታወጣለች፣ አንዴ የኔን አንገትጌ ታስተካክላለች፣ አንዴ ቦርሳዋን ትከፍትና ምንም ሳታወጣ ትዘጋዋለች።

የአክስቴ ቤት በር ሲከፈት የሥጋው ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለን። አክስቴ ሁለት ጉንጫችንን ስማ «ግቡ፣ ግቡ» አለችን። እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ወጥ ቤቱ አመራች።

«ላግዛችሁ እትዬ፤ ድንቹን ልላጥ።»

«ምን ቆርጦሽ!» አክስቴ ትከሻዋን በሁለት እጇ ይዛ አዞረቻት። «ሳሎን! ሶፋው ላይ!»

ያ ሶፋ ለሐኪሞችና ለሩቅ ዘመድ የተጠበቀ ነበር። እኛ ልጆች እንኳን ልንቀመጥበት አጠገቡም አንደርስም። እናቴ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ ጭማቂ አመጣችላት፤ ጠርዙ ወርቃማ በሆነው ብርጭቆ፣ ናፕኪን በተነጠፈበት ትሪ። እኔ ኩራቱን አልቻልኩትም፤ እግሯ ሥር ተቀምጬ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ «የማነው ብርጭቆው? የእማዬ ነው!» እላለሁ። እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጎነጨችለትም። ካፖርቷንም አላወለቀችም። ከወጥ ቤት የሳሕን ግጭትና የሳቅ ድምፅ ሲመጣ አንገቷን ቀና አድርጋ ታዳምጥና መልሳ ብርጭቆውን ታያለች።

ገበታው ቀርቦ ሁላችን ስንቀመጥ ሙሽሪት በቆሎውን ይዛ ገባች። አጎቴ አጨበጨበ። ለነገሩ ላዩን ላየው ያስጨበጭባል፤ ወርቅ መስሏል። አክስቴ ማንኪያዋን ሰደደችበት። ቅርፊቱ ቀጭን ድምፅ አሰማና ተሰበረ፤ ከሥሩ ነጭ ውሃ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ትሪውን ሞልቶ ፈሰሰ፤ ጠረጴዛ ልብሱን አቋርጦ ሥጋው ሥር ገባ።

«ከቆርቆሮው ጋር ያለውን ውሃ... ጣዕም ይኖረዋል ብዬ ጨመርኩት» አለች ሙሽሪት። አገጯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ሾርባም እኮ ደስ ይላል» አለ አጎቴ። ማንም አልሳቀለትም።

እንደዚያ ዓይነት ስህተት በዚያ ቤት ብቻ ነው የሚሠራው። «ማንንም አያቅተውም» ሲባል የኖረ ነገር ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ሙሽሪትን ያስተማራት አንድ ሰው የለም። ከእናቴ በቀር የሚያውቅም አልነበረም፤ አክስቴ ራሷም ብትሆን።

አክስቴ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። ዞረች፤ ወደ ሙሽሪት ሳይሆን ወደ እናቴ።

«አንቺ!»

እናቴ ደነገጠች።

«አዎ አንቺ! እንደ ሐውልት ተገትረሽ ታዪኛለሽ? ገበታው ሲጥለቀለቅ ዓይንሽ አያይም? ተነሺ! ያን ካፖርት ጣይልኝና አስተካክዪው! ሰው ሁሉ በባዶ ሆዱ አንቺን ይጠብቅ?»

እኔ ፊቴ ጋለ። አባቴን ቀብራ፣ ጥቁር ለብሳ የመጣች እናቴን! በሰው ሁሉ ፊት! እሷ ባላበላሸችው! አክስቴን በጥፍሬ ልቧጭራት ፈለግኩ። እናቴ እጄን ይዛ፣ በሩን በላያቸው ድርግም አድርጋ የምትወጣበትን ቅጽበት መጠበቅ ጀመርኩ።

እናቴ ተነሳች። ካፖርቷን አወለቀችና ያ የተከበረ ሶፋ ላይ ወረወረችው። ትሪውን አነሳች።

«ነይ አንቺ ደግሞ ማልቀስሽን ተዪና ወንፊት ፈልጊ» አለቻት ሙሽሪትን፤ ሁለቱም ወጥ ቤት ገቡ።

ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች። በቆሎውን ወንፊት ላይ ገለበጠች፤ እንቁላል መታች፤ ዱቄት ነሰነሰች። ድብልቁን ለሁለት ከፍላ በሁለት ትሪ ላይ በስሱ ዘረጋችው፤ ቶሎ እንዲደርስ ነው። ለሙሽሪት ነገሩን ሁሉ በጣቷ እያመለከተች ታሳያታለች። አክስቴ ተከትላ ገባችና ኦቨኑን ልትከፍት እጇን ስትሰድ እናቴ በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«እትዬ፣ ዞር በይልኝ! አትክፈቺው!»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እናቴ አክስቴን ከ«እርስዎ» በታች ጠርታት አታውቅም። እሰይ፣ ጦርነቱ ተጀመረ አልኩ በሆዴ።

«ሥጋዬ ሊቀዘቅዝ ነው!» አለች አክስቴ።

«ይቀዝቅዝ! ክዳን የለሽም?»

አክስቴ ክዳን ፍለጋ ሄደች።

በቆሎው ሲመጣ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም፤ ሳሳ፣ ጠንከር ብሏል። ሁሉም በላ። እኔ አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም። «አልራበኝም» ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ሰድበዋት ሲያበቁ የሠራችውን መብላታቸው አቃጥሎኛል። እናቴ በበኩሏ የዳቦ ቅርጫት ስታዞር፣ ሳሕን ስታነሳ፣ ሙሽሪትን ስታስቅ፣ የኔን ኩርፊያ ልብ ያለችም አይመስለኝ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጇ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ በአፏ የሆነ ዜማ ስታንጎራጉር ሰማኋት። እኔን ላለማስከፋት ታስመስላለች ብዬ አዘንኩላት።

ባቡሩም ቀረ። የአጎቷ ልጅ ደጋግሞ ደወለ፤ እናቴ «እዚሁ ይሻለኛል» አለችው። ይኼንንም በአክስቴ ዕዳ ላይ ጨመርኩት። በጩኸቷ የእናቴን ቅስም ሰብራ፣ የመሄድ ወኔዋን የወሰደችባት እሷ ናት ብዬ ደመደምኩ። ለዓመታት ጉንጬን ለመሳም ስታጎነብስ ፊቴን አዞርባት ነበር። እሷም «አኩራፊዋ መጣች» እያለች አገጬን ይዛ በግድ ትስመኛለች።

በቅርቡ እናቴ ቤቴ መጥታ በዓሉን አብረን ስንሠራ በቆሎውን ወንፊት ላይ ገልብጬ ያን ቀን አነሳሁባት።

«እንዴት ተናድጄ ነበር መሰለሽ» አልኳት።

«በምን?»

«አክስቴ ስትሰድብሽ ነዋ!»

እናቴ እጇን ከዱቄቱ አውጥታ አየችኝ። ከልቧ ነበር የገረማት።

«ዕቃችንን እኮ ግማሹን አስሬ ነበር» አለች። «እንግዳ ሆኜ ሶፋ ላይ ስቀመጥ፣ አለቀ ብያለሁ። አባትሽን ብቻ ሳይሆን ያን ቤት ሁሉ የቀበርኩ መስሎኝ ነበር። እትዬ ባትጮህብኝ ኖሮ በሳምንቱ ባቡር ላይ ነበርን።»

ከዚያ ስለ ስልኩ ነገረችኝ፤ ስለዚያ ለስላሳ ድምፅ። የኔ እመቤት መባሏን ስታስታውስ እስከ ዛሬ ፊቷ ይጠቁራል። እኔ አልጋ ላይ የዘለልኩበት ቀን ለእሷ ከቀብሩ የማይተናነስ ነበር፤ እኔ አክስቴን ልቧጭር ያልኩበት ቀን ደግሞ እሷ መተንፈስ የጀመረችበት። ሁለቱንም ገልብጬ ይዤ ነው ያደግኩት። ያሳዘነኝም ይኼው ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ሆኜ ከደስታዋም ከሐዘኗም አንዱን እንኳ አልተካፈልኳትም።

ነገሩ አላስተኛ ቢለኝ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታለች። ጉልበቷ እሺ ስለማይላት መስኮት ሥር ካለ ወንበር ላይ ሆና ቤቱን ታዛለች። እኔንም ለማዘዝ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ያን ዓመት እማዬ ላይ የጮኽሽው ሆነ ብለሽ ነው?»

«የቱን ዓመት? እኔ በየዓመቱ ነው የምጮኸው።»

«አባዬ የሞተ ዓመት። በቆሎው ውሃ የሆነ ጊዜ።»

ትዝ ሲላት ጉልበቷን መታ አድርጋ ሳቀች።

«ሆነ ብዬ ምን አደርጋለሁ! ሥጋዬ እየቀዘቀዘ፣ ያ በቆሎ ጠረጴዛዬን አጥለቅልቆት፣ እሷ ካፖርቷን እንደለበሰች ትመለከተኛለች። ደሜ ፈላ!»

ትንሽ ቅር አለኝ። እናቴ ያን ያህል ዓመት ይዛው የኖረችው ነገር ታስቦ የተደረገ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

«ባዶ እጅሽን ነይ ያልሻትስ?»

«አዘንኩላታ። ወንድሜን ለቀበረች ሴት ስልክ ደውዬ እንቁላል ምቺ ልበላት?»

እናቴ በዚያ ስልክ ምን ያህል እንዳለቀሰች ነገርኳት። እንግዳ ሆንኩ ብላ ዕቃዋን አስራ ሌላ ከተማ ልትሄድ እንደነበረም አልደበቅኳትም። የአክስቴ ሳቅ ቆመ። የሻሿን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

«የት ነው የምትሄደው?» አለች በመጨረሻ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ድምፅዋ ግን ቁጣ ነበር። «ማን ፈቅዶላት?»

«ግን እኮ በሰው ፊት ነው የጮኽሽባት» አልኩ። የልጅነት ንዴቴ ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም ነበር። «ያበላሸችው ሙሽሪት ሆና ሳለ።»

አክስቴ ያበድኩ ይመስል አየችኝ።

«ሙሽሪት ላይ ልጩህ? እሷ እኮ ያኔ ገና እንግዳ ነበረች።»